ትርፍ ፒን

ባለቤቴን ያገባኋት በአንድ ውሸት ነው። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ ብዬ አይደለም፤ ሰባ ዓመት ላለፈው ሰውዬ ማን ጊዜ አለው። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፣ ዓይኔ ያለ መነጽር ጋዜጣ አይለይም፣ ምላሴ ግን እንደ ጥንቱ ነው፤ ሳላዘው ቀድሞኝ ይወጣል። ጉዴን ያፈላው እሱ ነው።

ሁለታችንም የትዳር ጓደኛ የሞተብን ሰዎች ነበርን። የእሷ ባልና የእኔ ሚስት በሁለት ዓመት ልዩነት እዚሁ ጄኔቭ አፈር ለብሰዋል። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው። ያን ጊዜ እሷ ኦ ቪቭ በሚባል ሰፈር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ትሠራ ነበር፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከተማውን ሊፍት ስጠግን ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር። ከሥራ ስትወጣ እየጠበቅሁ እዚያው ሰፈር ካለ ካፌ ሻይ እጋብዛት ጀመርኩ። በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ሻይ ላይ፣ ስኳሩን እያማሰለች ጠየቀችኝ።

«ወታደር ነበርክ ይላሉ። እውነት ነው?»

«አየር ኃይል ነበርኩ። አብራሪ ግን አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ነበርክ?»

ሹፌር ነበርኩ ብላት ያልፍ ነበር። መጋዘን ጠባቂ ብላትም ያልፍ ነበር። እኔ ግን ያኔ ራሴን እውነተኛ ሰው አድርጌ እቆጥር ስለነበር «ቦምብ ጫኝ» አልኳት። ቦምቡን ከጋሪ አንስቼ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የምሰቅል፣ ለበረራ የማዘጋጅ ቴክኒሻን ነበርኩ ማለቴ ነው። ማማሰሏን ተወች።

ማንኪያውን አስቀምጣ የራሷን ነገረችኝ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በዚያ በሰሜኑ ጦርነት፣ የትውልድ ከተማዋ ላይ አውሮፕላን መጣ። እናቷ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘው ነበር። ወፍጮ ቤቱ ከነሰዉ ጠፋ። ሌላ ቦምብ ደግሞ እሷ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ይዛ ከተደበቀችበት ቤት ጓሮ፣ ጎመን መደቡ ላይ ወደቀ። መሬቱን ሰርጉዶ ገባና ዝም አለ። የሰፈሩ ሰዎች ዙሪያውን በድንጋይ አጠሩት፤ እነሱን አክስታቸው መጥታ አዲስ አበባ ወሰደቻቸው።

«ይኸው አርባ ዓመት አለፈኝ ይህን ስጠይቅ» አለችኝ። «ለምንድን ነው ያልፈነዳው? አንተ ሥራህ ነበር፣ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ እንጂ። ቦምቦቹ በዕድሜ እኔን ይበልጡኝ ነበር። ክረምት ከበጋ ሸራ ለብሰው ሜዳ ላይ ነው የሚያድሩት፤ ማፈንጃቸው እርጥበት ይገባዋል፣ ይዝጋል፣ አንዳንዱ ይከሽፋል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህንኑ ልነግራት አፌን ስከፍት ቀና ብላ ታየኛለች። እንዲያ አድርጎ ያየኝ ሰው ከረጅም ጊዜ ወዲህ አልነበረም። ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ፒኑን ሳይነቅል የተወው ሰው ይኖራል» አልኳት።

ፒን ማለት ቦምቡ መሬት ላይ ሳለ እንዳይነቃ ማፈንጃው ላይ የሚሰካ፣ ጣት የምታክል ብረት ነች። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል ቦምብ ጫኙ ይነቅላታል። ካልተነቀለች ቦምቡ ወድቆ ይቀበራል እንጂ አይፈነዳም። ይህን ሁሉ አስረዳኋት፤ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

«ማን ነው ሳይነቅል የሚተው?» አለችኝ።

«እንደ እኔ ያለ ነዋ» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «አንዱ አውሮፕላን ከሚይዛቸው ስድስት ቦምቦች የአንዱን፣ ሲመቸኝም የሁለቱን፣ ፒን እተው ነበር።»

አንድም ቀን ትቼ አላውቅም። እሷ ግን እጄን በሁለት እጇ ያዘችና እዚያው ካፌ ውስጥ፣ አስተናጋጁ እያየን፣ አለቀሰች። ስድስት ወር ሳይሞላ ተጋባን፤ ዕቃዋን ይዛ «ለ ሊኞን» የሚባለው ሰፈር፣ እኔ ቤት ገባች። ውሸቱ ትንሽ ነው፣ ማንንም አልጎዳም፣ እንዲያውም አንዲት ሴት አጽናናሁበት እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ቆይታ ደግሞ አውሮፕላኑ የመጣበትን ጊዜ ነገረችኝ፤ የዐቢይ ጾም መግቢያ ሳምንት ነበር። ያንን ሳምንት አስታውሰዋለሁ። ጠዋትም ከሰዓትም እንጭን ነበር። የጫንኩት የት እንደወደቀ የነገረኝ የለም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

በየዓመቱ የእናቷን መታሰቢያ ስታደርግ ለቄሱ ሁለት ነገር ትሰጣለች፤ የእናቷን ክርስትና ስምና «ስሙን ለማላውቀው፣ ፒኑን ላልነቀለው» የሚል ጸሎት። ጸሎቱ ሲደርስ ዞር ብላ ታየኛለች። እኔም አሜን እላለሁ።

እንዲህ ስድስት ዓመት ኖርን። ሰላሜን ያደፈረስኩት ራሴ ነኝ፣ ማንም አልነካኝም።

አንድ የድሮ ባልደረባዬ፣ ዙሪክ ተዛውሮ ጡረታ የወጣ የሊፍት ሰው፣ ስልክ ደወለልኝ። ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ በሚባል ቦታ፣ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ጡረተኞች ተሰብስበው፣ ፌራይን የሚሉትን ማኅበር አቋቁመው፣ የድሮ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በነጻ ጉልበታቸው እየጠገኑ ነው አለኝ። ክንፉን ችለውታል፣ ሞተሩንም ችለውታል፤ ቦምብ የሚሰቀልበትን ሆዷን የሚያውቅ ግን አጥተዋል። «ካንቤራ ናት» ሲለኝ ከወንበሬ ተነሳሁ፤ አየር ኃይል ሳለሁ ቦምብ የምጭነው በእሷ ላይ ነበር። በሕይወቴ ከሥር እስከ ላይ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር እሷ ናት። ሊፍትማ እንጀራ ነው።

ለባለቤቴ ስነግራት ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር።

«ምን ልትሠራላቸው?»

«ልጠግን ነዋ።»

«ቦምብ ጣይ?»

«አትበርም እኮ። ቆማ የምትታይ ናት፣ እንደ ሙዚየም ዕቃ።»

እጅጌውን ተኩሳ ጨረሰች። «ሂድ። እዚህ እጅህን አጣጥፈህ እኔን ከምትነዘንዝ ይሻላል። ወሬዋን ግን ቤቴ እንዳታመጣብኝ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። ከለ ሊኞን የመጀመሪያውን አውቶቡስ፣ ከኮርናቫን ጣቢያ የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ባቡር፣ ከዙሪክ ደግሞ ኤስ ባን የሚሉትን የከተማ ባቡር ይዤ ልክ ለዝኑኒ እደርሳለሁ። ዝኑኒ በዘጠኝ ሰዓት የሚበላ መክሰስ ነው ይላሉ፤ በእኛ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። ቡናና ክሩዋሳናቸውን ይዘው በአውሮፕላኗ ክንፍ ሥር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ነው። አንደኛው የጥርስ ሐኪም ነበር፤ በጥርስ መፋቂያው ከብሎን ላይ ዝገት ሲፍቅ ይውላል። ከሎዛን የምትመጣ ጡረተኛ መምህርት አለች፤ የነሱን ጀርመንኛ ለኛ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ የምትተረጉመው እሷ ናት። ደጎች ናቸው፣ አልዋሽም። አውሮፕላኗን «አሮጊቷ እመቤት» ነው የሚሏት። ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ሆዷን መታ መታ ያደርጓታል።

ይሄ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። እመቤት! ያ ሆድ ሲከፈት ከታች ያለው ሰው ምን እንደሚሆን አንድም ቀን የጠየቀ የለም። ለእነሱ ቀለም ናት፣ ብሎን ናት፣ የቅዳሜ መዋያ ናት። እኔ መናገር ነበረብኝ፤ እዚያ መጋዘን ውስጥ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አልተናገርኩም። ለምን ቢባል፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ክብር ቀመስኩ።

የሆዷ በር አልዘጋ ብሎ ሦስት ወር ታግለውታል። ዘይት ይሞሉታል፣ ግማሽ ድረስ ይሄድና ይቆማል። በጀርባዬ ተኝቼ ከሥሯ ገባሁና ቧንቧውን በእጄ ዳበስኩት። አየር ይዟል። መመሪያ መጽሐፉ አየሩን ከፊት ጀምረህ አስወጣ ይላል፤ እኛ በዚያ በሐሩሩ ሜዳ የተማርነው ከኋላ መጀመርን ነው። ከኋላ ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም፣ በሩ ተንፍሶ ተዘጋ። ሊቀመንበሩ ቆቡን አወለቀና «ማይስተር» አለኝ፤ የሙያው ጌታ እንደማለት ነው። በዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ስሠራ፣ ሊፍት ውስጥ ተዘግቶበት ያወጣሁት ሰው እንኳ ፊቴን ሳያይ ነበር ወደ ጉዳዩ የሚሄደው። ማይስተር ሲሉኝ ደረቴ ተነፋ፣ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ።

ጸደይ ሲመጣ አውሮፕላኗ ለሕዝብ የምትታይበት ቀን ተቆረጠ። ከቆርቆሮ ስድስት የውሸት ቦምብ ሠርተን፣ አረንጓዴ ቀብተን ሆዷ ውስጥ ሰቀልን። አንድ ቅዳሜ በዝኑኒ ሰዓት ሊቀመንበሩ ከመመሪያው እያነበበ «ከበረራ በፊት ፒኖቹ ይነቀላሉ» ሲል ሳቅኩ።

«መጽሐፉ ይነቀላሉ ብሎ ያልፋል። እንዴት እንደሚነቀሉ ግን አያውቅም» አልኩ።

ከዚያማ ማን ያቁመኝ። ጀርመንኛዬን ከፈረንሳይኛዬ እየቀላቀልኩ ተረክሁላቸው። እያንዳንዱ ፒን ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ቦምብ ጫኙ ስድስቱንም ነቅሎ ይወጣና አብራሪው በመስታወቱ ከሚያየው ቦታ ላይ ይቆማል፤ ፒኖቹን በጣቶቹ መሐል ዘርግቶ ከራሱ በላይ ያነሳል። አብራሪው አንድ በአንድ ይቆጥራል። ስድስት ከሆነ አውራ ጣቱን ያሳያል። አምስት ከሆነ ሞተር አይነሳም፤ ጫኙ ተመልሶ የቀረውን ይነቅላል። «አንድ ፒን ቀርቶ የተነሳ አውሮፕላን በእኔ ጊዜ የለም» አልኩ፣ ጭኔን መታ አድርጌ።

መምህርቷ ሁሉንም በማስታወሻዋ ጻፈችው። ሊቀመንበሩ ይህንን ለሕዝብ እናሳየው አለ። እኔ ይባስ ብዬ ቀልድ ጨመርኩበት፤ መጀመሪያ አምስት ላሳይ፣ አንተ አብራሪ ሆነህ ከላይ ራስህን ነቅንቅ፣ እኔ አፍሬ ልመለስና ስድስተኛውን ላምጣ አልኩት። ሳቁ። አጨበጨቡልኝም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ለሚስቱ ፒን እተው ነበር ያለ ሰው፣ ለማያውቃቸው ሰዎች መተው የሚባል ነገር እንደሌለ ያስተምራል። ያን ቀን ግን ሁለቱ ነገሮች ራሴ ውስጥ አልተገናኙም። ውሸቱ ጄኔቭ፣ እውነቱ ዲቤንዶርፍ፣ በመሐል የሦስት ሰዓት የባቡር መንገድ ስላለ አይደርሱብኝም ብዬ ይሆናል። እውነቱን ለባዕድ በጭብጨባ ሰጠሁት፤ ለሚስቴ የቀረላት ውሸቱ ነው።

ቀይ ጨርቁን ቤት ያመጣሁትም እኔው ነኝ። ጠርዙ እንዳይተረተር መሰፋት ነበረበት፣ የስፌት መኪናው ደግሞ የእሷ ነው።

«ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ለፒን። ፒኑ ላይ የሚታሰር ነው።»

«ያ ፒን?»

«አዎ።»

ወሬዋን ቤቴ አታምጣብኝ ያለች ሴት ጨርቁን ከእጄ ተቀበለችኝ። መርፌ ቀየረች፣ ክር መረጠች። ስድስቱንም ለክታ፣ አጥፋ፣ በድርብ ስፌት ሰፋችልኝ። ስትጨርስ አንዱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ደለደለችው። «ይሄ ነው እኔን ያተረፈኝ» አለች፤ ለራሷ ነው እንጂ ለእኔ አልነበረም። የዚያን ጊዜ ነበር መናገር። እኔ ግን ሻዬን ጠጣሁ።

«እኔም እመጣለሁ» አለችኝ። «ፒኑን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ሩቅ ነው፤ ይደክምሻል።»

«አንተን በየሳምንቱ ያላደከመህ መንገድ እኔን በአንድ ቀን ይገድለኛል?»

በማግስቱ ለሊቀመንበሩ ደወልኩ። ያ የፒኑ ትርኢት ይቅር፣ ለሽማግሌ አይሆንም፣ ወገቤን አሞኛል አልኩት። አዘነልኝ፤ ግን ፕሮግራሙ ታትሟል አለኝ። እዚህ አገር ሰው ሊቀር ይችላል፣ የታተመ ነገር ግን አይቀርም። እኔ ከታመምኩ የጥርስ ሐኪሙ በእኔ ፈንታ እንደሚሠራው፣ እኔ ያስተማርኩትን በደንብ እንደያዘው ነገረኝ። ቢያንስ ማብራሪያው በጀርመንኛ ስለሆነ አይገባትም ብዬ ተጽናናሁ። መምህርቷን ረስቻት።

በቀኑ ባለቤቴ ለክብረ በዓል የምትለብሰውን ካፖርት ለብሳ መጣች። ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ ሕፃን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ አባት፣ ዱላ የያዘ ሽማግሌ፣ ፎቶ አንሺ። እሷ ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ አውሮፕላኗ ሄደች። ከሆዷ ሥር ቆማ ሽቅብ አየች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፣ አላለቀሰችም። የቆርቆሮዎቹን ቦምቦች በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረቻቸው። ከዚያ እጇን ሰድዳ እሷ የሰፋችው ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለባትን አንዷን ፒን ነካች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«እንዲህ ትንሽ ናት?» አለችና ፈገግ አለችልኝ። ያቺን ፈገግታ ዛሬም አልረሳትም፤ የመጨረሻዬ ናት።

ሰዓቱ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ወደ አውሮፕላኗ ወጥቶ የአብራሪው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡ ክብ ሠራ፣ ባለቤቴ ፊት ናት። ከማኅበሩ ሰዎች አንዱ በጀርመንኛ ማብራራት ጀመረ፤ ከጎኑ መምህርቷ ማስታወሻዋን ገልጣ፣ ሃያ ዓመት ሕፃን ባስተማረ ፈረንሳይኛ፣ ቃል በቃል ትከተለዋለች። ባለቤቴ ለዓመታት ከጄኔቭ አሮጊቶች ጋር የዋለች ሴት ናት፣ ፈረንሳይኛዋ ከእኔ ይበልጣል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን እጄ ሥራውን ያውቀዋል። አምስቱን ነቀልኩ፣ ወጣሁ፣ ዘረጋሁ፣ ከራሴ በላይ አነሳሁ።

ሊቀመንበሩ በጣቱ ቆጠረና ራሱን ነቀነቀ። ሕዝቡ ሳቀ። እኔ እንደተለማመድኩት ግንባሬን መትቼ ተመለስኩ፣ ስድስተኛውን ነቀልኩ፣ ደግሜ አነሳሁ። ሕዝቡ አብሮ በጀርመንኛ ቆጠረ። ስድስት ሲሉ ሊቀመንበሩ አውራ ጣቱን አሳየኝ፣ ጭብጨባው መጋዘኑን ሞላው። እጄን ማውረድ አቃተኝ። ከጣቶቼ መሐል የተንጠለጠሉት ጨርቆች ፊቴን ጋርደውልኝ ነበር።

ባለቤቴ መምህርቷን ስታናግራት ሰማሁ።

«እመቤት፣ ሁልጊዜ ስድስት ነው? አንድ የሚቀር የለም?»

«ሁልጊዜ፣ እመቤት። ሊቀር አይችልም» አለቻት መምህርቷ ደስ ብሏት። «ይህንን ያስተማሩን ባለቤትዎ ናቸው።»

ስመለስ የባቡሩ ሰዓት ደረሰ አለችኝ እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ዙሪክ ባቡር ቀየርን፣ በርን የሚባለውን ከተማ አለፍን። ፊት ለፊቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔ የምለውን አዘጋጃለሁ፣ መልሼ እተወዋለሁ። ሎዛን ልንደርስ ስንል ሐይቁ ሲታይ ተናገረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂኝ።»

«ትርፍ ፒን ነበረህ?»

አልገባኝም።

«ኪስህ ውስጥ» አለች ቀስ ብላ። «ከቦምቡ ሳትነቅል፣ ከኪስህ ሌላ አውጥተህ ስድስት አድርገህ ለማሳየት። እንደዚያ አድርገህ ይሆናል ብዬ ነው።»

ከዙሪክ ጀምሮ ዝም ያለችው ለካ ይህንን ስትሠራልኝ ነው። የተሰበረውን ውሸቴን ተቀምጣ ጠገነችው፤ እኔ ከሠራሁት አሳምራ ጠግና፣ በል ውሰደው ብላ ዘረጋችልኝ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ ቃል።

«ትርፍ ፒን አይሰጠንም ነበር» አልኳት። «በቁጥር ወጥቶ በቁጥር ነው የሚገባው። መጋዘን ተቆልፎበት፣ በፊርማ ነው።»

የመለሰላት ህሊናዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። አይደለም። ሙያዬ ነው የመለሰላት። ስለ ፒን ተጠይቄ ስህተት መናገር አልሆንልህ አለኝ። ሰው ለትዳሩ ሲል የሚውጠውን እኔ ለአንድ መጋዘን ደንብ ስል ተፋሁት።

«አንዱንም አልተውክም?»

«አልተውኩም።»

«የእኛ ጓሮስ?»

«ማፈንጃው አርጅቶ ነው። እርጥበት ገብቶት ይሆናል።»

«እርጥበት» አለች።

ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ምን እንደወሰድኩባት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ይህች ሴት አንድ የማታውቀው ሰው አስቦላት የተረፈች መስሏት ነበር። እናቷን ከገደሉት መሐል አንድ ልብ ያለው ሰው ነበር ብላ፣ በዚያ ነበር የምትጸናው። ለካ ማንም አላሰበላትም፤ ዝናብ ነው። ላቅፋት ፈለግሁ፤ እጄን ግን ከጉልበቴ ላይ ማንሳት አልቻልኩም።

ቤት ደርሰን ካፖርቷን ሰቀለች፣ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ጩኸት እጠብቃለሁ። ብትሰድበኝ፣ ሳህን ብትወረውርብኝ እፎይ ባልኩ። በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ራትዎን ይበላሉ?»

ከኋላዬ እንግዳ የገባ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም።

«ምን አልሽኝ?»

«ራትዎን ላቅርብልዎት ወይ ብዬ ነው።»

ይኸው ነው። አልተጣላንም፣ አልተለያየንም። ሸሚዜ ይተኮሳል፣ መድኃኒቴ በሰዓቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ስወጣ ብርድ እንዳይመታዎ እባላለሁ። ስድስት ዓመት አንተ ስትለኝ፣ አንተ ምን ሆነሃል፣ አንተ ጫማህን አውልቅ፣ አንተ ደግሞ አበዛኸው ስትለኝ የኖርኩ ሰው እርስዎ ሆኜ ቀረሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቀለድኩ፤ «እርስዎ የሚባሉት ሰውዬ መቼ ነው የሚሄዱልን?» አልኳት። አልሳቀችም። በኋላ ለመንኳት። «ባክሽ እኔ ነኝ እኮ፣ ያው እኔው ነኝ» አልኳት። «አውቃለሁ፤ ይቀመጡ» አለችኝና ወንበር ሳበችልኝ። እጇን ስይዛት አትነጥቀኝም፤ የሌላ ሰው ዕቃ እንደያዝኩ ሆኖ ይሰማኛልና ራሴ እለቀዋለሁ።

ዘንድሮ በእናቷ መታሰቢያ ለቄሱ የሰጠችው አንድ ስም ብቻ ነው። እኔም ከኋላ ቆሜ አሜን አልኩ።

ዲቤንዶርፍ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። የት ልሂድ? እዚያ ደንባቸው ሆኖ ሁሉም ሁሉንም አንተ ነው የሚለው። ትራም ነጂው አንተ ይለኛል፣ የጥርስ ሐኪሙ አንተ ይለኛል። የፒኑን ትርኢት ግን እምቢ ብያለሁ፤ ሐኪሙ ነው የሚሠራው፣ አምስት ሲያሳይ ሕዝቡ ከእኔ ይልቅ ለእሱ ይስቃል አሉ።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ተቀምጬ ሳለ ባለቤቴ ሳህን ይዛልኝ መጣች። በሁለት እጇ አቀረበችልኝ፤ «ይቅመሱ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም» አለችኝና ዝቅ ብላ ናፕኪኑን ጉልበቴ ላይ አነጠፈችልኝ። ከጎናችን አንዲት ትልቅ ሴት አዲስ የተዳረች ልጃቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ልጅቷን በክንዳቸው ጎሸም አደረጓት።

«አየሽ፣ ባል እንዲህ ነው የሚከበረው። ከእሷ ተማሪ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ታድለዋል» አሉኝ።

ባለቤቴ ቆማ መልሴን ትጠብቃለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፣ እና መብላት ጀመርኩ።